ሐጂ ሸምሱ ያላነበቡት ገጽ

የሰው የጡረታ ማመልከቻ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩ እግዜር ይወቀው። የዘበኛውን፣ የግምጃ ቤት ሠራተኛውን፣ የነርሷን፣ ሁሉንም በእነዚህ ጣቶች በታይፕ መትቻለሁ። የራሴን ግን አልጻፍኩም። ለማን ልጻፍ? በግል ሥራ ያረጀ ሰው ጡረታ የሚወጣው ደንበኛ ሲያጣ ነው። እኔም ደንበኛ አጣሁና፣ መርካቶ ራጉኤል አካባቢ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የነበረችውን ክፍሌን ለአከራዩ አስረክቤ ወረድኩ። ዛሬ ሰው ማመልከቻውን በስልኩ ይጽፋል፤ የውጭውንም ወሬ ስልኩ ይተረጉምለታል። ትርጉሙን አይቼዋለሁ፣ ጉድ ነው። ሰዉ ግን ረክቶበታል፤ እኔ ምን አገባኝ።

ልጄ «እማዬ፣ ያን ሁሉ ዘመን ከምትረሺው ጻፊው» ስትለኝ ከረመች። እሷ የጠበቀችው የመርካቶን ጨዋታ ነው። እኔ ደግሞ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር የሚመጣብኝ አንድ ባለ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ነው። የተረጎምኩት እኔ፣ የመታሁት እኔ። በእሱ ሰበብ አንድ ሰው ሱቁን ከፍቶ ሞተ። ስለዚህ ከዚያ በፊት ያለውን ቶሎ ቶሎ ብዬ ወደዚያው ልሂድ።

ሥራ የጀመርኩት በአንድ የመንግሥት የጅምላ ንግድ ድርጅት ነው፣ በታይፒስትነት። አለቃዬ ረቂቅ ባመጡልኝ ቁጥር «ወይንሸት፣ እንደተጻፈው» ይሉኝ ነበር። ስህተት ቢኖርበትም እንደተጻፈው። አንድ ጊዜ «ጌታዬ፣ እዚህ ጋ ቀኑ ተሳስቷል» ብላቸው ሦስት ቀን አኮረፉኝ። እዚያ ፍጥነት ተማርኩ፤ ማሰብ ግን ረሳሁ። መንግሥት ሲለወጥ ድርጅቱ ታጠፈ፣ እኛም ተቀነስን። የሰጡኝ ገንዘብ ዓመት አልደረሰም።

ከዚያ ነው እዚያችው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ጋሼ ታፈሰ ዘንድ የገባሁት። ጋሼ ታፈሰ በደርግ ጊዜ የውጭ ዜና ይተረጉሙ ነበር። እሳቸውም እንደኔ ተቀንሰው፣ «ትርጉምና ጽሕፈት» የሚል ታፔላ ሰቅለው፣ ለአስመጪዎች የዕቃ ዝርዝር ይተረጉማሉ፣ ውል ያረቃሉ። ቀጭን፣ አስም ያለባቸው፣ ለመሳቅ የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ። በገባሁ በሳምንቴ አንድ የዕቃ ዝርዝር ሰጡኝ። «ቦል ቤሪንግ» ይላል። መዝገበ ቃላት ገለጥኩና «የኳስ ተሸካሚ» ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ አነበቡት፤ አልሳቁም።

«ይህን ነገር አይተሽዋል?»

«አላየሁም።»

«ውረጂና አይተሽ ነይ።»

ወደ መለዋወጫ ሻጮቹ ወረድኩ። አንዱ ነጋዴ ከመደርደሪያ አውርዶ ክብ ብረት እጄ ላይ አስቀመጠና «ኩሽኔታ ነዋ፣ እህቴ! የምን ኳስ አመጣሽብኝ?» ብሎ ሰፈሩን ሰበሰበብኝ። አፍሬ ተመለስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያላየሁትን ዕቃ ስም አልጻፍኩም።

የጋሼ ዋና ልማድ ግን ሌላ ነው። ማንኛውንም ጽሑፍ ብዕር ሳያነሡ ሦስት ጊዜ ያነቡታል። ከዚያ በእርሳስ በኅዳጉ ላይ «የት ቆሞ?» ብለው ይጽፋሉ። ይህን የጻፈው ሰውዬ የት ቆሞ አየው ማለታቸው ነው። ያየውን ነው፣ የሰማውን ነው ወይስ የተመኘውን? መልሱን ሳያገኙ አይጀምሩም፤ ሲተረጉሙም ያንን መልስ ከሁሉ በላይ፣ በመጀመሪያው መስመር ያኖሩታል። «አንባቢ እስከ መጨረሻ ያነባል ብለሽ አትመኚ» ይሉኛል። «ሰው ሥራ አለው፣ ይጠራል፣ ይነሳል። ሳይነሳ በፊት ማወቅ ያለበትን አስቀድሚ።» ተርጉመው ሲጨርሱ ደግሞ የፎቁን ዘበኛ ጠርተው ጮክ ብለው ያነቡላቸዋል። ዘበኛው ፊታቸውን ካኮሳተሩ ያንን ዓረፍተ ነገር ሰርዘው እንደ አዲስ ይጽፋሉ። እኔ ያኔ የሽማግሌ አመል ይመስለኝ ነበር።

ኢንተርኔት መርካቶ ገብቶ ጥቂት እንደቆየ ከጎረቤት አገሮች በአንዷ ምርጫ ተደረገ። አገሪቱን አልጠራም። ቆጠራው ተጓተተ፣ ሁለቱም ወገን አሸነፍኩ አለ፣ ነባሩ ፕሬዚዳንት በጥድፊያ ቃለ መሐላ ፈጸመ፣ ከዚያ ከተሞች ተቃጠሉ። መርካቶ ይህን እንደ ሩቅ ወሬ አልሰማውም። ከስልጤና ከጉራጌ የመጡት ነጋዴዎች ብዙዎቹ እዚያ ሱቅ የከፈተ ወንድም ወይም የአጎት ልጅ ነበራቸው። ደግሞም እኛ ከዚያ በፊት የራሳችንን ምርጫ አይተን ስለነበር ስለ እሱ ጮክ ብሎ የሚያወራ ጠፍቷል። ስለ ጎረቤት ግን ማውራት ይቻላል። ሰው የዚያችን አገር የምርጫ ቦርድ ሲረግም ዓይኑን ያየ የትኛውን እንደሚረግም ያውቃል።

እዚያ የቀጥታ ሥርጭት ተከለከለ፤ ስልክም አንድ ቀን ይገባል፣ ሦስት ቀን ይጠፋል። ወሬ የቀረው በኢንተርኔት በእንግሊዝኛ የሚጽፉት ብሎገሮች ጋ ነበር። እኔ ጠዋት ከታች ካለው የኢንተርኔት ቤት ገጾቹን አውጥቼ አመጣለሁ፣ ከጋሼ ጋር ተካፍለን እንተረጉማለን፣ መትተን እናከራያለን። የጋዜጣ ኪራይ የሚያውቅ ይገባዋል፦ ሰው በሳንቲም ወረቀቱን ይወስዳል፣ ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ተቀምጦ ያነባል፣ ይመልሳል። ወረፋው ሲበዛ ደግሞ ሁለት ሰው አንድ ጽሑፍ ይካፈላል፤ አንዱ አንደኛውን ገጽ፣ ሌላው ሁለተኛውን ይይዝና ሲጨርሱ ይለዋወጣሉ።

ነጋዴዎቹ ለብሎገሮቹ ስም አውጥተውላቸው ነበር። ፕሬዚዳንቱ ባስነጠሰ ቁጥር ይማርህ የሚለው «አጨብጫቢው» ተባለ። «ቁጡው» ደግሞ የየጣቢያውን ድምፅ እየደመረ ይህ ቁጥር ከመራጩ ይበልጣል እያለ የሚጮኸው ነው። ሦስተኛው አንድ ወጣት መምህር ነው፤ በጣም አይጮህም፣ አያሞግስም። እሱን «አስተማሪው» አሉት፣ ሁሉም የሚያምነውም እሱን ነው። «ቁጡውን ተዪውና አስተማሪው ምን አለ?» እያሉ ይመጣሉ።

ከሚመጡት አንዱ ሐጂ ሸምሱ ነበሩ። ሐጂ ጨርቅ ያከፋፍላሉ፤ የአዋጅ ያህል ድምፅ ያላቸው፣ ደረጃውን ሲወጡ ከታች ጀምረው ሰላምታ የሚሰጡ ሰው ናቸው። ታናሽ ወንድማቸው ነስሩ እዚያ አገር፣ በአንዲት የጠረፍ ከተማ የጫማ ሱቅ ነበረው። አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ ያሳደጉት ሐጂ ናቸው፤ ሲያወሩለት «ልጄ» ይሉና «ወንድሜ» ብለው ያርማሉ። ሁከቱ ሲጀመር ነስሩ ሱቁን ዘግቶ መስጊድ ግቢ ተጠግቶ ነበር።

በዚህ መሐል ፕሬዚዳንቱ መመሪያ አወጣ። በሰባት ቀን ሱቁን ያልከፈተ ነጋዴ ፈቃዱ ይሰረዛል፣ ቦታውም ለሌላ ይሰጣል ተባለ። ብሎገሮቹ ተከፋፈሉ። አጨብጫቢው «ሱቅ መክፈት አገር መውደድ ነው» ብሎ ጻፈ። ቁጡው «ሰላም የሆነ ለማስመሰል በነጋዴው ሕይወት ፎቶ ሊነሳ ነው» አለ። አስተማሪው ዝም አለ። አግዳሚው ላይ ያሉት ቀኑን ሙሉ ተከራከሩ።

ሐጂ ግን ክርክር አልፈለጉም። «ወይኒ» አሉኝ፣ «የሰው ፖለቲካ ምን ያደርግልኛል? ልክፈት ወይ ብሎ እየጠየቀኝ ነው። መስመር ባገኘ ጊዜ የምመልስለት አንድ ቃል ነው ያለኝ። ክፈት ወይም ተወው። አስተማሪው ሲጽፍ ጥሪኝ።»

በስድስተኛው ቀን ጠዋት አስተማሪው ጻፈ። ያን ሳምንት ጋሼ ታፈሰ አስማቸው ተነስቶባቸው ቤት ተኝተው ነበር፤ ክፍሉን የያዝኩት ብቻዬን ነኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። አንባቢዎቹ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ያማርሩ ነበርና፦ «የጋሼ ወረቀት መግቢያው አያልቅም፤ ማን አለ፣ የት ቆሞ፣ መቼ… ፍሬ ነገሩን አስቀድሚልን እንጂ።» እኔም ወረቀቴ ተሻምተው የሚያነቡት እንዲሆን ፈለግሁ።

የአስተማሪው ጽሑፍ ሲጀምር እንዲህ ይላል፦ «ይህን የምጽፈው ከከተማዋ ወጥቼ ነው። ገበያውን በዓይኔ አላየሁም። የነገረኝ እዚያ ያለ የአክስቴ ልጅ ነው፤ እሱም ከጠዋት ወዲህ ስልክ አያነሳም።» ከዚያ በኋላ ነው ገበያው መከፈቱ፣ ወታደሮች መንገዱን መያዛቸው፣ ሴቶቹ ቲማቲም ዘርግተው መቀመጣቸው የተጻፈው። እኔ ገበያውን ወደ ላይ አመጣሁት። የመጀመሪያዎቹን መስመሮች «የጸሐፊው ማስታወሻ» ብዬ መጨረሻ ላይ፣ በሁለተኛው ገጽ አሰፈርኳቸው። አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አንድ ቃል አልቀነስኩም። ቆንጆ ሆነ ብዬ አሰብኩ። ለዘበኛው አላነበብኩም።

ሐጂ መጡ። ወረፋ ስለነበር ጽሑፉን ከአንድ የቡና ነጋዴ ጋር ተካፈሉ፤ አንደኛው ገጽ ለሐጂ ደረሳቸው። ጣታቸውን እያስኬዱ ሲያነቡ አየኋቸው። ጨርሰው «አልሐምዱሊላህ» አሉ። የቡና ነጋዴው ሁለተኛውን ገጽ ገና አልጨረሰም። በዚህ መሐል ከታች የሱቅ ጎረቤታቸው «ሐጂ፣ መስመር ገብቷል፣ ነስሩ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሐጂ ወረቀቱን አግዳሚው ላይ ጥለው ደረጃውን ወረዱ።

አይቻቸዋለሁ። ይህን ለማንም ሳልናገር ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ሁለተኛውን ገጽ ሳያነቡ እንደወረዱ በዓይኔ አይቻለሁ። «ስልኩን ጨርሰው ይመጡና ያነቡታል» አልኩና ወደ ታይፔ ተመለስኩ። ተነስቼ መስኮቱን ከፍቼ ብጠራቸው ይሰሙኝ ነበር።

ነስሩ በማግሥቱ ሱቁን ከፈተ። ከሰዓት በኋላ በዚያ ጎዳና ሰዎች ቆንጨራ ይዘው መጡ፤ ወታደሮቹ ቀድመው ለቀው ሄደው ነበር። ነስሩን መዝጊያውን ሲያወርድ ደረሱበት። ወሬው ለሐጂ የደረሰው ከተቀበረ በኋላ ነው።

ለቅሶ ሄድኩ። ያ ድምፃቸው ጠፍቶ፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ያያሉ። ከጎኔ የተቀመጠች ሴት «ብሎግ የሚሉት ነገር ነው አሉ የዋሸው» አለችኝ። እቤቴ ሄጄ ብቻዬን አለቀስኩ፤ ለነስሩ ብቻ እንዳላለቀስኩ ግን አውቃለሁ።

ጋሼ ታፈሰ ተሽሏቸው ሲመጡ ወረቀቱን አምጪ አሉኝ። ሁለቱን ገጽ ጎን ለጎን ዘረጉ፣ እንግሊዝኛውን ከላይ አደረጉ። ሦስት ጊዜ አነበቡት።

«ትርጉሙ አንድ ስህተት የለበትም» አሉ።

ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

«ለሐጂ ነግረሻቸዋል?»

«አልነገርኩም።»

«እኔ አልነግርልሽም» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሱብኝም።

ዛሬ ነገ ስል ወር ሆነ። ሐጂ አንድ ጠዋት ሰላምታ ሳያሰሙ ደረጃውን ወጥተው ፊቴ ቆሙ። «ደብዳቤ ጻፊልኝ» አሉ። «ለአስተማሪው። በእሱ ቋንቋ።» ቆመው ነገሩኝ፣ እኔ ጻፍኩ፦ «አስተማሪ ነህ ይሉሃል። ሰው አምኖህ ነበር። ገበያው ሰላም ነው አልክ። ወንድሜ በአንተ ቃል ወጣ። እኔ ያሳደግሁት ልጅ ነበር። አላህ ይፍረድብህ።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፍቼ ነበር። ፊታቸውን ሳየው ፈራሁ። ሰውዬው የሚጠሉት ሰው አግኝተዋል፣ ያ ሰው ሩቅ ነው፣ እኔ ደግሞ ቅርብ ነኝ። ደብዳቤውን ቃል በቃል ተረጎምኩት። ጥሩ ትርጉም ነበር። በአስተማሪው ጽሑፍ ግርጌ ባለው የአስተያየት ቦታ ላይ አስገብቼ ላክሁት፣ የእኛንም አድራሻ አኖርኩ። የሥራ ዘመንሽ ውድቀት የቱ ነው ብትሉኝ መስመሮቹን ማውረዴ አይደለም። እሱ የችኮላ ስህተት ነው፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። ይህኛውን ግን እያወቅሁ ሠራሁት።

መልስ በአራተኛው ቀን መጣ። ሐጂን አስጠራኋቸው። በአማርኛ አነበብኩላቸው።

«ጌታዬ፣ ደብዳቤዎን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ጽሑፌንም መልሼ አነበብኩት። ገበያውን እንዳላየሁ በመጀመሪያው መስመር ጽፌ ነበር። ግን ካላየሁ ለምን ጻፍኩ? ለዚህ መልስ የለኝም። የአክስቴ ልጅም ከዚያ ቀን ወዲህ አልተገኘም። ይቅርታ የሚለው ቃል ትንሽ ነው። ከእንግዲህ አልጽፍም።»

ሐጂ «በመጀመሪያው መስመር?» አሉኝ።

«አዎ።»

«እኔ አላነበብኩትም እኮ።»

«አላነበቡትም፣ ሐጂ። ወደ ሁለተኛው ገጽ ያወረድኩት እኔ ነኝ። እርስዎ አንደኛውን ብቻ አንብበው ሲወርዱም አይቻለሁ። አልጠራሁዎትም።»

ጋሼ ታፈሰ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። ሐጂ በሁለተኛው ገጽ ያለውን ማስታወሻ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ከፋይሉ አውጥቼ አነበብኩ። አራት መስመር ነው፣ ቶሎ አለቀ።

«ደብዳቤውን ስትጽፊልኝ ይህን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ተነስተው ወጡ። ደረጃው ላይ እግራቸው ሲጎተት ይሰማኝ ነበር።

አይመለሱም ብዬ ነበር። በማግሥቱ ከቀትር ሶላት በኋላ መጡና ከፊቴ ተቀመጡ። «ያ ልጅ ያላደረገውን ተሸክሞ እንዲኖር አልፈልግም» አሉ። «ጻፊለት።»

ሌሊቱን አስቤበት ስለነበር ወዲያው ጻፍኩና አነበብኩላቸው፦ «ነስሩን የገደልከው አንተ አይደለህም። የገደልኩት እኔ፣ ተርጓሚዋ ነኝ።»

ሐጂ እጃቸውን አነሱ። «እሱን ሰርዢው።»

«ለምን፣ ሐጂ?»

«ነስሩን የገደለው ቆንጨራ የያዘው ነው። ወታደሩን ያነሳውም የራሱ አለው፣ ክፈቱ ብሎ ያዘዘውም የራሱ አለው። ክፈት ብዬ በስልክ የነገርኩት ደግሞ እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም። የሁሉንም ጠቅልለሽ አትውሰጂ። ያንቺ ምንድን ነው? ያንቺን ብቻ ጻፊ። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።»

እንደገና ጀመርኩ። መስመሮቹን ወደ ሁለተኛው ገጽ እንዳወረድኩ ጻፍኩ። ሐጂ ሲወርዱ አይቼ እንዳልጠራኋቸው ጻፍኩ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ እንደተረጎምኩ ጻፍኩ። ሐጂም «ክፈት ያልኩት እኔ ነኝ፤ ፍርዱን ከአንተ ላይ አንስቻለሁ» የሚል አስጨመሩ። ጋሼ ታፈሰ መጥተው አነበቡትና ምንም ሳይነኩ መለሱልኝ። ላክነው።

ሐጂ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይወጡ ነበር። «መጣ?» ይሉኛል። «አልመጣም» እላለሁ። ተቀምጠው ትንሽ ቆይተው ይሄዳሉ። ከኔ ጋር የሚያወሩት ይህን ብቻ ነው። በሦስተኛው ሳምንት የአስተማሪው ገጽ ጭራሹን አልከፍት አለ። እሱ ይዝጋው፣ ሌላ ይዝጋው አላወቅሁም። ለሐጂ ነገርኳቸው።

«ከመዘጋቱ በፊት አንብቦታል፣ አይደል?» አሉኝ። ዓይናቸውን ከፊቴ አላነሱም። «አንብቦታል በዪኝ፣ ወይኒ።»

አዎ ብላቸው ያን ቀን እንቅልፍ ይወስዳቸው ነበር።

«አላውቅም፣ ሐጂ» አልኳቸው። «ያየሁት ነገር የለም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ቆባቸውን አስተካከሉና ተነሱ። «ደግ» አሉ፣ «እውነቱን ስለነገርሽኝ ደግ አደረግሽ።» ከዚያ ደረጃውን ቀስ እያሉ ወረዱ፤ ተመልሰውም አልመጡም።